ፈጣሪው አይታወቅም የተባለው ጨዋታ

የተበደልኩትን መጀመሪያ ልናገር። አሶሳ ከተማ፣ የልጅ ልጄ በምትሠራበት ድርጅት ግድግዳ ላይ በመስታወት የታቀፈ ወረቀት ተሰቅሎ ነበር። ከላይ በትልቁ «የድርጅታችን ታሪክ» ይል ነበር። ድርጅቱ የስልክ ጨዋታ ይሠራል። ስማቸውን ያስጠራው ገበጣ የሚመስል፣ ግን ሦስት ሰው የሚጫወተው ጨዋታ ነው። ወረቀቱ ስለዚያ ጨዋታ ሲናገር እንዲህ ይል ነበር፦ «ከጥንት አባቶቻችን የወረስነው፣ ፈጣሪው የማይታወቅ ባህላዊ ጨዋታ።»

በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ ሦስት ስህተት አለ። ጥንት አይደለም፤ ሲሠራ እኔ የሁለት ልጆች እናት ነበርኩ፣ ይኸው ዛሬም በሕይወት አለሁ። አባቶችም አልነበሩበትም፤ አባቶች በዚያ ሰዓት ዛፍ ሥር ተጋድመው ያንኮራፉ ነበር። ፈጣሪው አይታወቅም የሚለው ደግሞ የባሰ ነው። እኔ የምኖረው ከዚያ ቢሮ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። ለመጠየቅ ባጃጅ እንኳ አያስፈልግም።

ድርጅቱን ጠልቼ አይደለም። እንዲያውም ታሪኩን ከወረቀቱ የተሻለ አውቀዋለሁ። ሲጀምሩ ሦስት ወጣቶች ነበሩ። የልጅ ልጄ ሥዕሉን ትሥላለች፤ ጓደኛዋ ኮምፒውተሩ ላይ ስትጽፍ ትውላለች፤ መነጽር የሚያደርገው ወጣት ደግሞ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ለምን እሱ እንደሆነ ስጠይቅ «ኮት ያለው እሱ ብቻ ነው» አሉኝ። ቢሯቸው ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀርባ ያለች አንዲት ክፍል ነበረች። መጀመሪያ የሠሩት ጨዋታ በአሶሳ መንገድ ባጃጅ መንዳት ነበር፤ ስልኩ ከመጋሉ የተነሳ በነጠላ ካልያዙት አይነካም። ሁለተኛው ከዛፍ የሚወድቅ ማንጎ በቅርጫት መቅለብ ነበር። ማንም አልተጫወተውም። የኛ አገር ሰው ማንጎ ለመቅለብ ስልክ ምን ያደርግለታል? ደጅ ወጥቶ መቆም ነው።

ያወጣቸው ሦስተኛው ነው። አንድ ቀን መብራት ጠፍቶ ሥራ ፈተው ሲቀመጡ፣ የልጅ ልጄ ደጅ ላይ ጉድጓድ ቆፍራ እኔ ግቢ ስትጫወተው ያደገችውን አስተማረቻቸው። መብራቱ መጥቶ እንኳ ወደ ውስጥ አልገቡም አሉ። ከዚያ ስልክ ውስጥ ከተቱት። አሁን አዲስ አበባ ያለ ሰው ታክሲ ውስጥ ሆኖ ይጫወተዋል ይሉኛል።

ባለ ሁለት መስኮት ቢሮ ሲከራዩ ለምርቃቱ ጠሩኝ። ፊት ወንበር ላይ አስቀመጡኝ፤ ለስላሳ ሰጡኝ። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በደርግ ጊዜ በመሠረተ ትምህርት ነው። ሳነብ ቀስ እላለሁ፤ ያነበብኩት ግን አያመልጠኝም። ሌላው ሰው ሲያጨበጭብ እኔ ሦስተኛው መስመር ላይ ደረስኩ። ለስላሳውን መሬት አስቀመጥኩት።

«ይሄን የጻፈው ማነው?» አልኩ።

ጭብጨባው ቆመ። ሥራ አስኪያጁ ኮቱን አስተካከለ። «እኔ ነኝ እማማ። አልወደዱትም?»

«አጻጻፉ ጥሩ ነው። ውሸት ሆነ እንጂ።»

«እማማ፣ በኋላ እንነጋገር» አለች የልጅ ልጄ ነጠላዬን እየጎተተች።

«ምን በኋላ አለው? በመስታወት አድርጋችሁ ስትሰቅሉት በኋላ አላላችሁም። በል ጻፍ፤ የሠራሁት እኔ ነኝ።»

እንግዶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ያን ቀን የጠየቅሁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጨዋታው ከማን እጅ እንደወጣ በዚያ ወረቀት ላይ ይጻፍ። ይህን ሁሉ አሁን የምጽፈውም ነገሩ ከሥሩ እንዲታወቅ ነው።

ከወሎ ወደ አሶሳ የመጣነው በሰፈራ ነው። እንዴት እንደመጣን፣ በመንገድ ማን እንደቀረ፣ በመጀመሪያው ክረምት ወባ ማንን እንደወሰደ ሌላ ታሪክ ነውና እዚህ አላመጣውም። መንደራችን ስም አልነበረውም፤ ቁጥር ነበረው። ቤቶቹ በገመድ ተለክተው በመስመር የቆሙ የቀርከሃ ጎጆዎች ናቸው፤ እነሱም ቁጥር አላቸው። ከመመሳሰላቸው የተነሳ ባሌ በመጀመሪያው ወር ሁለት ጊዜ የሰው ቤት ገብቶ ራት ጠይቋል። አንደኛው ቤት ሰጥተውታል።

የምንሠራው በማኅበር ነበር። ጠዋት ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ይደወላል፤ በቡድን በቡድን ሆነን እርሻ እንወርዳለን። የሠራ ሰው ነጥብ ይያዝለታል። ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ቸርኬው እንደገና ይደወላል፤ እረፍት ነው። ወንዶቹ ወዲያው ይጋደማሉ። እኔና ከቤቴ ቀጥሎ ባለው ቁጥር የምትኖረው ጎረቤቴ ግን መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን ገበጣ እንጫወት ነበር። እሷም ወሎዬ ናት። እንደሷ ምላሰኛ ሴት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላየሁም።

ገበጣን ለማያውቅ ላስረዳ። ስድስት ጉድጓድ በኔ በኩል፣ ስድስት በሷ በኩል አለ። ጉድጓዱ ቤት ይባላል። በየቤቱ አራት አራት ፍሬ ይቀመጣል። ከራስሽ ቤቶች አንዱን አንስተሽ ፍሬውን ለሚቀጥሉት ቤቶች አንድ አንድ እያልሽ ታድያለሽ። የመጨረሻዋ ፍሬ ያረፈችበት ቤት አራት ከሞላ ትበያለሽ። ብዙ የበላ አሸነፈ። ፍሬያችን የዘር በቆሎ ነበር፤ ሊዘራ ከመጣው ጆንያ እፍኝ እናነሳለን። ወንጀል መሆኑን አላጣነውም። ስንጨርስ ቆጥረን እንመልስ ነበር፤ አንዲት ፍሬ አጉድለን አናውቅም።

አብዛኛውን ጊዜ የማሸንፈው እኔ ነበርኩ። ጎረቤቴ ችኩል ናት፤ ከመቁጠሯ በፊት ታነሳለች። እንዲህ ሆኖ ቢቀጥል ኖሮ ጨዋታው ተራ ገበጣ ሆኖ ይቀር ነበር።

ከወንዙ ማዶ የበርታ መንደር አለ። እኛ የምናርሰው መሬት እኛ ከመምጣታችን በፊት እነሱ ማሽላ የሚዘሩበት ነበር። ያኔ ይህን ማንም አልነገረንም፤ እኛም አልጠየቅንም። ከዚያ መንደር አንዲት ሴት በእረፍት ሰዓት ባሚያና ማንጎ ይዛ ትመጣለች፤ በጨው እንለውጣታለን። የሷ አማርኛ ጥቂት ነበር፣ የኛ በርትኛ ደግሞ ጭራሽ የለም። ከለወጥን በኋላ አትሄድም። ቁጭ ብላ ጨዋታችንን ታያለች። ሦስት ቀን እንዲህ አየች። በአራተኛው ቀን ቅርጫቷን አስቀምጣ ተጠጋች።

«እኔም ይጫወታል» አለች።

«ጨዋታው የሁለት ሰው ነው» አልኳት፣ ሁለት ጣቴን እያሳየሁ።

«ሦስት» አለች፣ ሦስት ጣት እያሳየችኝ።

ከልብሷ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች። ያወጣችው የአርደብ ዘር ነው። አርደብ እዚህ አገር የሚበቅል ዛፍ ነው፤ ኮምጣጣ ፍሬውን ውኃ ውስጥ በጥብጠው ይጠጡታል። ዘሩ ጥቁር ሆኖ ያብረቀርቃል። ያንን ዘር ከኔ ቤቶች በአንደኛው፣ በአራቱ በቆሎ መሐል ጣል አደረገችው።

አንስቼ ወረወርኩት።

ተነሳች፤ ሣሩ ውስጥ ፈልጋ አገኘችው፤ በቀሚሷ ጠርጋ መልሳ እዚያው አስቀመጠችው። እንደገና እጄን ስዘረጋ ያዘችኝ።

«ኡኽቲ» አለችኝ። እህቴ ማለቷ ነው። «ይሄ መሬት የኔ አባት መሬት ነው። አንተ መጣ። እኔ አንተን አልወረወረ። አንተም እኔን አትወርውር።»

ጎረቤቴ ከሳቋ ብዛት ወደ ኋላዋ ወደቀች። «እሰይ! መልሽላታ! ቀንም ማታም ፍርድ ጎደለ፣ ፍርድ ጎደለ የምትዪው አንቺ አይደለሽ?»

ዘሯ እዚያው ቀረች።

«እሺ፣ ምን ትሠራለች ታዲያ?» አልኳት። በእጇ አሳየችን። እኔና ጎረቤቴ እንደ ወትሮው በቆሎአችንን እናድላለን። ጥቁሯ ዘር ግን አትታደልም፣ አትበላም። እያንዳንዳችን ከተጫወትን በኋላ እሷ ዘሯን አንስታ የፈለገችው ቤት ታስቀምጣለች። ዘሯ ያለችበት ቤት አይበላም። በቃ፣ ሌላ ሕግ የለውም።

ነገሩ ቀላል መስሎን ጀመርን። አንድ ዙር ሳይሞላ ሁለታችንም ልመና ገባን። አርባ ስምንት በቆሎ ይዘን፣ አንዲት ዘር የያዘች ሴት ፊት ተንበርክከን!

«ወደኔ አድርጊያት እንጂ፣ ይሄ ቤት ሊበላብኝ ነው!»

«ኧረ ባለፈውም ላንቺ አድርጋለች! የኔ እህት፣ እዚህ ነው፣ እዚህ፣ ይቺ የወፈረችው ጋ!»

«አትስሚያት! እሷ ትናንት ማንጎሽን ኮምጣጣ ነው ብላ አምታሻለች!»

የበርታዋ ሴት ማንጎዋን እየላጠች ትሰማለች። «ይለምን» ትላለች። «ጥሩ አርጎ ይለምን።»

ትንሽ ቆይቶ ጎረቤቴ ብልሃት አገኘች። በየቀኑ ከባሚያው ዋጋ በላይ አንድ ቁንጥር ጨው ትጨምርላት ጀመር። ከዚያ ወዲህ ጥቁሯ ዘር የጎረቤቴ ትልቁ ቤት ላይ እንደተቀመጠች ትውላለች። እኔ አምስት ቀን በተከታታይ ተሸነፍኩ። ሽንፈቱን እችላለሁ፤ መንገዱን ግን አልችልም። በስድስተኛው ቀን በእጄ ጉድጓዶቹን ሸፈንኩ።

«ሕግ ካልወጣ አይጫወትም» አልኩ። «ዘሯ በአንድ ቤት ሁለት ጊዜ ተከታትላ አትቀመጥ። መነሳት አለባት።»

«ተሸንፈሽ ነው!» አለች ጎረቤቴ።

«አዎ፣ ተሸንፌ ነው። አሸናፊ ሕግ ጠይቆ ያውቃል?»

የበርታዋ ሴት አሰበችበት። ዘሯን በጣቶቿ አገላበጠች። «እሺ» አለች በመጨረሻ። «ይነሳል። ግን ጨው ይቀጥል።»

ጨውም ቀጠለ፣ ሕጉም ጸና። እኔም እንዳቅሜ ጨው ማቅረብ ጀመርኩ።

ስምም አወጣንላት። እኔ ጥቁሯን ዘር «እንግዳ» አልኳት፤ በሰው ቤት እየዞረች ስለምትቀመጥ ተስማሚ መሰለኝ። የበርታዋ ሴት እንግዳ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀች። ጎረቤቴ ሰው ቤት መጥቶ የሚያርፍ ማለት ነው አለቻት። ራሷን ነቀነቀች። «አይደለም። እንግዳ አንተ ነው። ይሄ ባለቤት ነው» አለች። ጎረቤቴ ከዚያን ቀን ጀምሮ «ባለቤት» ትላታለች። እኔ ግን አንዴ ካልኩት አልመለስም ብዬ ቤቴ ውስጥ እንግዳ እያልኩ ቀረሁ። ይህ ግትርነቴ በኋላ አሳፍሮኛል።

አሁን ጨዋታው ከኛ ከሦስታችን እንዴት እንደወጣ ልንገር። የመንደራችን ካድሬ ከከተማ የመጣ ወጣት ነበር። አዲስ ቦት ጫማ ነበረው፤ ማረሻ ግን ነክቶ አያውቅም። ገበጣንም አይቶ ከሆነ ከእንጨት የተቀረጸውን እንጂ መሬት ላይ የሚቆፈረውን አላየም። በዚያ ሰሞን በመስመር መዝራት የሚባል ነገር ሊያስተምረን ሰብስቦን ነበር። እኛ በየአገራችን ዘርን በትነን ነው የምናውቀው። ማንም አላዳመጠው፤ እሱም ተናዶ ነበር።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ድንገት ከጀርባችን ቆመ። ጉድጓዶቹ ሞልተዋል። በቆሎው የመንግሥት ዘር መሆኑ ከሩቅ ይታወቃል፤ መድኃኒት ተነክሮ ቀይ ነው። ከዚህ ላነሰ ነገር ሰው ኮሚቴው ቤት ታስሮ ውሏል። እኔ ደረቅሁ። የበርታዋ ሴት ማንጎዋን አስቀመጠች።

«ጓዶች፣ ምንድን ነው ይሄ?» አለ።

ጎረቤቴ ቀና እንኳ አላለችም። አንዲት በቆሎ አንስታ ቀስ ብላ ጉድጓድ ውስጥ አስቀመጠች። «የአዘራር ልምምድ ነው ጓድ። ያስተማሩን በመስመር መዝራት።»

ካድሬው ጎንበስ አለ። በጣቱ ቆጠረ። «ስድስት... ስድስት። በየጉድጓዱ አራት ዘር። ርቀቱም እኩል ነው!» ፊቱ በራ። «በእረፍት ሰዓታችሁ?»

«በእረፍት ሰዓታችን ጓድ። አብዮቱ ያርፋል እንዴ?»

እኔ ሻሼን ነከስኩ።

«ይቺ ጥቁሯስ?» አለ።

ጎረቤቴ ጥቁሯን ዘር አየቻት። አለቀልን አልኩ። «እሷ ተቆጣጣሪ ናት» አለች። «ያለችበት ጉድጓድ ዘር አይነካም።»

«በጣም ጥሩ» አለ ካድሬው። ከደረት ኪሱ ደብተር አውጥቶ ጻፈ።

በማግስቱ ጠዋት ሕዝቡ ፊት አቆመንና አመሰገነን። ከዚያም ትእዛዝ አነበበ። ከዛሬ ጀምሮ ሁሉም ቡድን፣ ሴትም ወንድም፣ በእረፍት ሰዓት የአዘራር ልምምድ ያደርጋል፤ ላደረገም ነጥብ ይያዝለታል። ወንዶቹ ከተጋደሙበት እየተነሱ ጉድጓድ ሲቆፍሩ ያየ ሰው በሳቅ ይሞታል። ባሌ ሳምንቱን ሙሉ አኮረፈኝ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ቸርኬው ተደውሎ እንኳ ከጉድጓዱ ዳር አይነሳም ነበር። «ቆይ፣ ይቺን ብቻ ልብላ» ይላል።

ሦስተኛ ሰው ስለሚያስፈልግ «ባለቤት» የተባለችውን ዘር የሚይዙት የበርታ ሰዎች ሆኑ። አርደብ ያለው በነሱ መንደር ነው። ባሚያና ማንጎ ይዘው ይመጣሉ፣ ዘራቸውን ያወጣሉ፣ ይለመናሉ። ከዚያ በፊት በወንዙ ምክንያት፣ በእንጨት ምክንያት ጭቅጭቅ ነበር፤ ጭቅጭቁ አልቆመም። ግን አብሮ ገበጣ የተቀመጠ ሰው ሲጨቃጨቅም በወግ ነው።

ካድሬው ሪፖርት ልኮ ኖሮ አንድ የእርሻ ባለሙያ ከበላይ መጣ፤ ባርኔጣ ያደረገ ትልቅ ሰው። ካድሬው እየመራ አመጣው፤ «ሕዝቡ በራሱ ተነሳሽነት» እያለ ያስረዳል። ባለሙያው ከጉድጓዶቹ አጠገብ ቁጢጥ አለ። ጉድጓዱን አየ፤ እኔን አየ፤ ካድሬውን አየ። ገበጣ መሆኑን አውቋል።

«በጣም ጠቃሚ ልምምድ ነው» አለ ድምፁን ከፍ አድርጎ። «በሌሎችም መንደሮች ይስፋፋ።» ካድሬው ለመጻፍ ፊቱን ሲያዞር ወደኔ ጠጋ አለ። «እናቴ፣ ያቺ ጥቁሯ ምንድን ናት? እኛ አገር የለችም።»

«ሲቀመጡ ነው የሚገባዎት» አልኩት።

ተቀመጠ። መኪናው ሞተሩን አስነስቶ ሲጠብቀው ቆየ። ከዚያ በኋላ በአካባቢው ባሉ የሰፈራ መንደሮች ሁሉ ልምምዱ ታዘዘ። የልጅ ልጄ ድርጅት ጨዋታ ለሕዝብ ማዳረስ ከባድ ሥራ ነው ይላል። ለእኛ ካድሬ አዳረሰልን። ለሥራው ግን ልምምዱ ያን ያህል አልጠቀመም፤ አንዱ ቡድን ማሳውን ሙሉ ስድስት ስድስት ጉድጓድ አድርጎ ዘርቶት ትራክተሩ ግራ ገባው።

መንግሥት ሲለወጥ ብዙ ሰው ወደ ወሎ ተመለሰ። ጎረቤቴም ተመለሰች፤ እዚያው እንዳረፈች ከዓመታት በኋላ ሰማሁ። አላህ ይማራት። እኔ ቀረሁ፣ ልጆቼ እዚህ አደጉ፣ የልጅ ልጄን በዚያው ጨዋታ አሳደግኋት።

ወደ ቢሮው ልመለስ። ከምርቃቱ በሁለተኛው ቀን ሄድኩ። ሥራ አስኪያጁ ወንበር ሳበልኝ።

«እማማ፣ እኛ እኮ ልንበድልዎት አይደለም። ጠይቀን ነው የጻፍነው።»

«ማንን ጠየቃችሁ?»

ሥራ አስኪያጁ መሬት መሬት አየ። የልጅ ልጄ ስልኳን አወጣች። ጨዋታውን ሲጀምሩ የቀዳችው ድምፅ ነው። ከፈተችው። መጀመሪያ የሷ ድምፅ መጣ፦ «እማማ፣ ይሄን ጨዋታ ማነው የፈጠረው?» ቀጥሎ በቆሎ ሲፈለፈል ይሰማል። ከዚያ አንዲት ቁጡ አሮጊት፦ «እኔ ምን አውቅልሻለሁ! ድሮም የነበረ ነው። ይልቅ ተነሽና ዶሮዎቹን ከስጡ ላይ አባሪልኝ!»

አሮጊቷ እኔ ነኝ።

ማንም አልሳቀም፤ ቢስቁ ይሻለኝ ነበር። እውነቱን ለመናገር ያኔ ጨዋታ ፈጠርኩ ብሎ ነገር በሐሳቤም አልነበረም። በእረፍት ሰዓት ሦስት ሴቶች የሠሩትን ነገር ማን ሥራ ይለዋል? በመስታወት ተሰቅሎ፣ አባቶች ሠሩት ተብሎ ሳየው ነው የነቃሁት።

«ያኔ ሥራ ይዤ ነው» አልኩ። «ምስክር አመጣለሁ።»

«ያምጡ» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ምስክር ካለ ወረቀቱን እናወርደዋለን።»

በማግስቱ ወደ ባምባሲ በሚሄደው ሚኒባስ ተሳፍሬ የበርታዋ ወዳጄ መንደር መታጠፊያ ላይ ወረድኩ። የበርታዋ ሴት ዛሬ የብዙ ልጆች አያት ናት፤ ጉልበቷን ያማታል፣ አፏን ግን አያማትም። ማንጎ ሥር ሰሌን ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። የመጣሁበትን ነገርኳት። ጨዋታውን የሠራሁት እኔ መሆኔን መስክሪልኝ አልኳት።

አየችኝ። «ማን ሠራው?»

«እኔ።»

«ዘሩን ማን አመጣ?»

ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«ዘሩን ማን ወረወረ?»

«ኧረ እሱን አሁን ምን አነሳሽው!»

«ወላሂ ይነሳል» አለች። «አንተ ለራስህ ብቻ ይጽፋል። እነሱ ‹ማን እንደሆነ አይታወቅም› አለ፤ አንተ ተናደደ። አንተም እኔን ‹አይታወቅም› አለ። ምን ልዩነት አለው?»

ከተወለድኩ ጀምሮ ፍርድ ጎደለ እያልኩ የኖርኩ ሴት፣ ያን ቀን የጎደለው ከኔ በኩል ነበር። ሰሌኑ ዳር ተቀመጥኩ። «ልክ ነሽ» አልኳት። ሌላ ምን ይባላል? አርደብ በጥብጣ አጠጣችኝ፤ ልጇ በሞተር ወደ አስፋልቱ አወጣን፤ አብረን ወደ አሶሳ መጣን።

ቢሮው ውስጥ የልጅ ልጄ ስልኳን አሳየቻት። ወዳጄ ጥቁሯን ዘር በሥዕል ስታይ በደስታ ጮኸች። ከሥሯ የተጻፈውን በጣቷ ነካች። «ይሄ ምን ይላል?»

«እንግዳ ይላል» አለች የልጅ ልጄ።

ወዳጄ ወደኔ ዞረች። እኔ መስኮቱን ማየት ጀመርኩ። ሁለት መስኮት መኖሩ ጠቀመኝ።

ከዚያ ሁለታችንም ቃላችንን ሰጠን። የልጅ ልጄ ጻፈች። ወዳጄ ዘሯን እንዴት እንዳመጣች ተናገረች፤ እኔ ሕጉን እንዴት እንዳወጣሁ ተናገርኩ። ጨው ላይ ተጨቃጨቅን፤ እሷ በየቀኑ ነበር ትላለች፣ እኔ አልፎ አልፎ ነው እላለሁ። የሞተችው ጎረቤቴም እንዳትቀር አልኩ፤ እሷ ካድሬውን ባታታልለው ኖሮ ጨዋታው በዚያ ቀን በቀረ ነበር። ሲያልቅ የልጅ ልጄ ከላይ እስከ ታች አነበበችልን። «እውነት ነው ወይ?» አለች። «እውነት ነው» ብዬ በስሜ ፈረምኩ። ወዳጄ አውራ ጣቷን ቀለም ነክራ አተመች።

በሳምንቱ ጠሩን። አሮጌው ወረቀት ወርዶ አዲሱ ተሰቅሏል። ቀስ እያልኩ አነበብኩት። «ይህን ጨዋታ የሠሩት ከአሶሳ ወጣ ብሎ በሚገኝ የሰፈራ መንደር በእርሻ እረፍት ሰዓት የሚገናኙ ሦስት ሴቶች ናቸው» ይላል። እዚህ ላይ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ቀጠልኩ። «አንደኛዋ የበርታ ሴት ነች፤ ባለቤት የምትባለውን ዘር ያመጣች እሷ ነች። ሁለተኛዋ ጨዋታውን ከካድሬ አድና ወደ ሌሎች መንደሮች እንዲደርስ አድርጋለች። ሦስተኛዋ ዘሯን በመጀመሪያ አንስታ ወርውራት ነበር፤ በኋላ ግን ፍትሐዊ ሕግ አውጥታላታለች።»

ወዳጄ አስነብባ ስትሰማው ጉልበቷን እየመታች ሳቀች። እኔ ወረቀቱን ደግሜ አነበብኩት። ከዚያ ሥራ አስኪያጁን ወደ ጎን ጠራሁት።

«ልጄ፣ በጣም ጥሩ ነው። ዱዓ አድርጌልሃለሁ። ግን ይቺን ‹ወርውራት ነበር› የምትለዋን ማውጣት አይቻልም?»

እሱ መነጽሩን አውልቆ ወደ ልጅ ልጄ አየ። የልጅ ልጄ መሳቢያ ከፍታ የፈረምኩበትን ወረቀት አወጣችና ፊቴ ዘረጋችው።

«እውነት ነው ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ እማማ» አለችኝ። «አይወጣም።»